አያ እስጢፋኖስና የሀይብሪዷ ኩላንት

ጎንደር ውስጥ የመኪና ኮፈን ከፍቶ ብቻውን የቆመ ሰው እስከ ዛሬ አልታየም። ፒያሳ ይሁን ቀሐ፣ ኮፈኑ ቀና ካለ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ አንድ ሰው እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ከጎንህ ይቆማል። አልጠራኸውም። መካኒክ አይደለም። ብዙ ጊዜ መኪናም የለውም። በሽታውን ግን አንተ ሳትናገር ያውቀዋል።

በእኛ ሰፈር፣ አዘዞ፣ ይህን ሹመት የያዙት አያ እስጢፋኖስ ናቸው። ጎንደር የመጻሕፍት አራት ዓይና ሊቃውንት አገር ናት፤ እኛ ደግሞ የኮፈን አራት ዓይና አለን። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ በኤንትሬ የጭነት መኪና ሊማሊሞን ሲወጡና ሲወርዱ ኖረው አሁን ጡረታ ላይ ናቸው ይባላል። እኔ ግን ጡረታ የወጣው ኤንትሬው እንጂ እሳቸው አይመስሉኝም።

የመጀመሪያ ቃላቸው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ምነው፣ እኔ ሳለሁ!» ጎማ ስታስነፋ ካገኙህ «ምነው፣ እኔ ሳለሁ!» ዘይት ስታስቀይር ካገኙህ ያችው ናት። አንድ ቀን ለቅሶ ቤት ተቀምጠን፣ ሐዘንተኛውን «እግዜር ያጥናህ» ሊሉት ሲጀምሩ፣ ከውጭ የአንድ ሚኒባስ የሞተር ችንጋ ሲጮህ ሰሙ። «እግዜር...» ብለው ተነሥተው ወጡ። «ያጥናህ» ያሉት ችንጋውን አጥብቀው ሲመለሱ ነው።

ሌላ ጊዜ የሙሽራ መኪና አስቁመው፣ ሙሽራው በነጭ ጓንቱ የራዲያተር ክዳን እንዲይዝላቸው አደረጉ። በሠርጉ ፎቶ ላይ ጓንቱ ጥቁር ነው። ሙሽራይቱ እስካሁን ሰላም አትላቸውም። መኪናው ግን፣ እውነት ለመናገር፣ ከዚያ ወዲህ ፈልቶ አያውቅም።

የራዲያተር ሃይማኖታቸው ደግሞ ለብቻው ነው። በየዓመቱ ለጥምቀት ቀሐ ይወርዱና፣ ውሃው ከተባረከ በኋላ ሃያ ሊትር ጀሪካን ሞልተው ይመለሳሉ። ሰው ለቤቱና ለሕመምተኛው ይቀዳል፤ እሳቸው ለራዲያተር። «ጠበል የገባበት ማኪና በዳገት አይቀርም» ይላሉ። ኩላንት የሚባለውን የማቀዝቀዣ ፈሳሽ ሲገዙም በቀለሙ ይመርጡና ጠበሉን ይቀላቅሉበታል። ከሰፈራችን ሚኒባሶች ግማሾቹ በእጃቸው ተጠምቀዋል። የንስሐ አባታቸው ሲጠየቁ «ጠበል ለሰው ነው፤ ለብረት ይሁን አላልኩም፣ አይሁንም አላልኩም» ብለው አልፈዋል አሉ።

ዘንድሮ እኔ ሀይብሪድ ገዛሁ፤ ያገለገለች፣ በቤንዚንም በባትሪም የምትሄድ። ዩኒቨርሲቲ ላብራቶሪ ውስጥ የምሠራ ሰው ነኝ፤ ጠበል ይጨምሩብኛል ብዬ ሁለት ወር ሙሉ ሰፈር ውስጥ ኮፈኗን ሳልከፍት ከረምኩ።

ነገሩ የመጣው ቅዳሜ ጠዋት ነው። እናቴ ባንቺአየሁ የምትኖረው ደባርቅ ነው። ሁለቱንም ዓይኖቿን ሞራ ሸፍኗቸዋል፤ ሰባት ወር የጠበቅነው የቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ለሰኞ ነበር። እሑድ ሄጄ ላመጣት ስሰናዳ፣ ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ መብራት በራ። ደንግጬ ኮፈኑን ከፈትኩ።

«ምነው፣ እኔ ሳለሁ!»

ጀሪካኑ በእጃቸው ነው። ጎንበስ ብለው አዩ።

«ሁለት ነው እንዴ?» አሉ ቀስ ብለው። እውነትም የኩላንት ማጠራቀሚያው ሁለት ነው፤ አንዱ ለሞተሩ፣ ሌላው ለኤሌክትሪኩ ክፍል። የጎደለው የኤሌክትሪኩ ነው።

ስስቅባቸው የከረምኩት እኔ እናቴን ሳስብ ጨነቀኝ። «አያ፣ እናቴን ለማምጣት፣ ለአንድ መንገድ ብቻ ነው፤ እባክዎ ከጠበሉ ትንሽ ጠብ ያድርጉበት» አልኩ።

ጀሪካኑን ወደ ኋላቸው ሸሸጉት። «ይህችን አላውቃትም» አሉ። ሰፈራችን ይህን ቃል ከአፋቸው ሰምቶ አያውቅም። «ኤንትሬን አውቀዋለሁ፤ ይህችን አላውቃትም። የእናትህን መንገድ በግምት አላደርገውም። ተነሥ፣ የሚያውቅ ሰው ዘንድ እንሂድ!»

የምታውቀው ሶሊያና ሆነች፤ ኮሌጅ የመኪና ጥገና የምታስተምር፣ የልጅ ልጃቸውን የምታክል። መጀመሪያ የላላ የቱቦ ማሰሪያ አግኝታ አጠበቀች።

«ሮዙን ነው አረንጓዴውን የምንገዛላት?» ሲሏት፣ «አያ፣ ቀለም አይታመንም» አለቻቸው። «ሮዝም ሆነ አረንጓዴ፣ እያንዳንዱ ፋብሪካ ደስ ባለው ቀለም ይሠራዋል። እርስዎ የሚያዩት ጽሑፉን ነው፤ ለዚህች መኪና የታዘዘውን ዓይነት። ተበርዞ የታሸገውን ይግዙ፤ ምንም ውሃ አይጨምሩበት።»

«ጠበልስ?» ድምፃቸው አነሰ።

«ውሃ ውስጥ ጨው አለ፣ አያ። ብረት ይበላል፤ ከኤሌክትሪክ ጋርም አይስማማም።»

ፊታቸውን ማየት ከበደኝ። ሠላሳ ስምንት ዓመት የለፉበት እውቀት እዚያው ኮሌጁ ግቢ ውስጥ የሚቀር መስሏቸው ነበር። ከኪሳቸው ደብተር አወጡ።

«ትልቅ አድርገሽ ጻፊልኝ። ዳዊት እደግማለሁ እንጂ የፈረንጁን ፊደል አላውቀውም።»

ያን ጊዜ ገባኝ። ይህን ሁሉ ዘመን ኩላንት በቀለም የመረጡት ስለዚህ ነው። ቀለም እንግሊዝኛ አይጠይቅም።

አራዳ ገበያ ሄድን። የመጀመሪያው ባለ ሱቅ «ለሀይብሪድ ቀዩ ነው» ብሎ ዘረጋላቸው።

«ቀለሙን አልጠየቅሁህም» አሉና ደብተሩን ከጠርሙሱ ጎን አስጠግተው ፊደል በፊደል በጣታቸው ወረዱበት። «ይህ ባለ ሆዱ አለ። መስቀል የመሰለውም አለ። ይህ እባብ የመሰለው የት ሄደ?»

«አባባ፣ ያው ነው እኮ!»

«ያው ቢሆን ልጅቷ አትጽፈውም ነበር።»

ሰባት ሱቅ እንዲህ ዞርን። እኔ ባነበው በአንድ አፍታ ያልቅ ነበር፤ ደብተሩን ከእጃቸው ለመቀበል ግን ድፍረቱ አልነበረኝም። ስምንተኛው ሱቅ ላይ እባቡም ተገኘ። «ሸጋ!» ብለው ሲጮኹ ገበያው ሁሉ ዞሮ አየን።

እሑድ ሳልጠራቸው ከጎኔ ተቀመጡ። የአምባ ጊዮርጊስን ዳገት ስንወጣ ዓይናቸውን ከዳሽቦርዱ ላይ አልነቀሉም፤ መብራቱ አልበራም። ስንመለስ ከደባርቅ እስከ አዘዞ እናቴን ኩላንት አስተማሯት። እሷም ጥላ ብቻ እየታያት «እሰይ፣ እሰይ» እያለች መጣች።

ሰኞ አንደኛው ዓይኗ ተሠራ። ማክሰኞ ፋሻው ሲፈታ የሐኪሙን ጣቶች አንድ በአንድ ቆጠረች። ቤት ስንደርስ አያ እስጢፋኖስ በር ላይ ቆመው ይጠብቁን ነበር። ከመኪናው ወረደችና ከሽበታቸው እስከ ከዘራቸው ትኩር ብላ አየቻቸው።

«ልጄ ይበልጣል» አለችኝ፣ ድምጿን እንኳ ሳትቀንስ፣ «እሑድ ለት ሲያወሩ የመጡት እኒህ ሽማግሌ ናቸው? በድምፃቸው ጎረምሳ መስለውኝ ነበር።»

አያ እስጢፋኖስ ኮታቸውን ሳብ ሳብ አደረጉ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር፤ የእኔማ ቀድሞ ፈሷል። እኒህን ሰው ምን ያህል እንደምወዳቸው ያወቅሁት እዚያች በር ላይ ነው።

«ይቆዩ፣ እሜቴ» አሉ፣ «ዓይንዎ ገና አልጠራም።»