«አመሰግናለሁ» ማለት ለጊዜው ስለ መከልከሉ

ከካንሰር ሕክምና በኋላ ራስን በራስ የመንከባከብ የፒላር ከተማ መረዳጃ ቡድን፣ ፓራጓይ

ቀን፦ ማክሰኞ፣ ሙቀቱ ውሻውን እንኳ ከጥላ ባላስወጣበት ከሰዓት
ቦታ፦ የሊቀ መንበሩ ግቢ፣ ማንጎው ሥር

የተገኙ፦ ዶን ኤላዲዮ (ሊቀ መንበር፣ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር)፣ ዶኛ ሳቱርኒና (አባል፣ በተቃዋሚነትም የሚያገለግሉ)፣ ዶኛ ሊብራዳ (አባል)፣ ኔሊዳ (ጸሐፊ)

ያልተገኙ፦ ዶን ፔርፌክቶ፤ «እኔ ድኛለሁ» ብለው ዓሣ ሊያጠምዱ ሄደዋል።

ምልዓተ ጉባኤው በመሟላቱ ስብሰባው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተከፈተ።

አጀንዳ 1፦ ስለ ቀሰም

የሐኪም ቤቱ ነርስ ቴረሬን፣ ማለትም በበረዶ ውሃ የሚዘፈዘፈውን የቅጠል መጠጣችንን፣ በአንድ መምጠጫ ቀሰም እየተቀባበሉ መጠጣት እንዲቀር ማዘዟ ተነገረ። ሊቀ መንበሩ፣ ቴረሬ ከአንድ ዋንጫ ካልተጠጣ ቅጠል የወደቀበት የበረዶ ውሃ ነው ሲሉ ተከራከሩ። ከረጅም ውይይት በኋላ ሁሉም የየራሱን የብረት ቀሰም በአንዱ የቀንድ ዋንጫ ውስጥ በአንድ ጊዜ እንዲተክል ተወሰነ። ውሳኔው ወዲያው ሥራ ላይ ሲውል የዶኛ ሳቱርኒና ቀሰም የሊቀ መንበሩን አፍንጫ ወጋ። ዶኛ ሳቱርኒና «ያለ ተራው የመጣው አፍንጫዎ ነው» በማለት ይቅርታ ሳይጠይቁ ቀርተዋል።

አጀንዳ 2፦ የሳምንቱ ዕቅድ

የሊቀ መንበሩ አፍንጫ እስኪሻለው ዋንጫው በየተራ ዞረ፤ በደንባችን ዋንጫውን የያዘ ስለ ዕቅዱ ይናገራል። ዶኛ ሳቱርኒና ማታ ማታ እስከ ወንዙ በእግር ለመሄድ ቃል ገብተው የነበረ ሲሆን፣ እስከ አይብ ዳቦ ሻጯ ድረስ መድረሳቸውን አስረዱ። ሊቀ መንበሩ «እሷ እኮ ወንዙ አጠገብ አይደለችም» ቢሉ፣ «የኔ ወንዝ እዚያ ነው» የሚል ምላሽ ተሰጣቸው።

ተራው የዶኛ ሊብራዳ ሲሆን፣ ገና አንዴ እንደ ሳቡ ዋንጫውን መልሰው «አመሰግናለሁ» አሉ። እኛ ዘንድ ዋንጫ እየመለሰ ያመሰገነ ሰው በቃኝ ማለቱ ነው፤ ዙሩ ያልፈዋል፤ ተናገር ብሎ የሚይዘውም የለም። ካለፈው ወር ጀምሮ በየስብሰባው እንዲሁ አድርገዋል።

አጀንዳ 3፦ ዶኛ ሊብራዳ ያቀረቡት ሐሳብ

ነገ ጠዋት ያለባቸው የክትትል ምርመራ ሙቀቱ እስኪበርድ በጉባኤው ድምፅ እንዲራዘምላቸው ጠየቁ። «እዚህ ሁሉ ነገር በድምፅ አይደል እንዴ?» ብለዋል። ሐሳቡ በሁለት ድጋፍና በአንድ ተቃውሞ ጸደቀ። ሊቀ መንበሩ እጃቸውን ያወጡት ትንኝ ለማባረር እንደነበር ቢያስረዱም ድምፁ ተቆጥሯል።

ዶኛ ሳቱርኒና ተቆጡ። «አንቺ ሴት፣ ጉሮሮሽ ደርቆ አመሰግናለሁ ትያለሽ! ማንን ነው የምትሸሺው?»

«የነገውን ዶክተር ነዋ» አሉ ዶኛ ሊብራዳ። «በሽታው ተመልሶ መጥቷል ቢለኝስ? ዋንጫውን ከያዝኩ ልታናግሩኝ ነው፤ ከተናገርኩ ደግሞ አለቅሳለሁ።»

ጸሐፊዋም ከየምርመራው በፊት እንቅልፍ እንደማይወስዳትና በጣም እንደምትፈራ በራሷ ጥያቄ ተመዝግቧል። ሊቀ መንበሩ «እኔ ባለፈው ከሐኪም ቤቱ በር ተመልሼ፣ ፀጉሬን ተቆርጬ ነው ቤቴ የገባሁት» አሉ። ራሰ በራ መሆናቸውን ያነሳባቸው የለም።

የማጠቃለያ ውሳኔ

ከላይ የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። ቀሰም በየተራ ይገባል። ምርመራው አልተራዘመም፤ ነገ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሁላችንም አብረን አውቶቡስ እንሳፈራለን። ዶን ኤላዲዮ ሹፌሩን አያስተምሩም። ዶኛ ሊብራዳ ከሐኪሙ ክፍል እስኪወጡ ድረስ «አመሰግናለሁ» ማለት ለማንም የተከለከለ ነው።

ስብሰባው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተዘጋ። ከመዘጋቱ በፊት ዋንጫው ዶኛ ሊብራዳ ዘንድ ደረሰ። እያለቀሱ፣ ውሃው አልቆ ቀሰሙ እስኪጮህ ጠጡ፤ መልሰው ሰጡ፤ «አመሰግናለሁ» ግን አላሉም። ሊቀ መንበሩ ያለ ተራቸው ደግመው ሞሉላቸው፤ ዶኛ ሳቱርኒናም አልተቃወሙም።