ዋስ ያጣ ስልክ

በደባርቅና በዳባት፣ በወገራ ደጋና በስሜን ግርጌ የምትኖሩ ሁሉ፣ ባለ ባጃጅም ሁኑ ባለ በቅሎ፣ ኔትወርክ ያላችሁም ሆነ ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ የምትወጡ፣ ይህንን እወቁ፦ ጋሽ ዘመነ እምቢ ብለዋል። ምኑን እምቢ እንዳሉ አትጠይቁ፤ ገና ሳይጠየቁ ነው እምቢ ያሉት። ከእንግዲህ መንግሥትም ይሁን ማኅበር፣ ቴሌቪዥንም ይሁን የታኅሣሥ ነፋስ በእሳቸው ደጅ ሊያልፍ ቢያስብ ዋሱን ጠርቶ ይለፍ።

እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ከተማ የለም። መብራት የሌለው ከተማ አይቻለሁ፤ ውሃ የሌለውም አይቻለሁ፤ እምቢተኛ የሌለው ግን አላየሁም። እኛ የነፃነትን ነገር ከበራሪ ወረቀት የለቀምን ሰዎች፣ የግለሰብ ነፃነት ጠበቃ ማለት ጺሙ የጎፈረ፣ ድምፁ የጎረነነ፣ መድረክ ላይ ወጥቶ ጠረጴዛ የሚደበድብ ጎረምሳ ይመስለን ነበር። ደባርቅ ላይ ሲገኝ ግን ካፖርታቸው የበቅሎ ላብ የሚሸት፣ የፈረንጅ ጓዝ ጭነው ወደ ስሜን ተራራ የሚወጡ የስልሳ ዓመት ሽማግሌ ሆኖ አረፈው። ድንጋጤዬ የሚጀምረው ከዚያ ነው፤ እስካሁንም አልለቀቀኝም።

የክቡርነታቸው ፍልስፍና በአንድ ቃል ይጠቀለላል፤ ዋስ። በአገራችን በቅሎ ያለ ዋስ ከደጅ አይወጣም። ሙሽራ ሊያስቀምጥባት ቦራን፣ ማለትም የጋሽ ዘመነን በቅሎ፣ የሚወስድ ሰው ሁለት ዋስ ይጠራል። ብትሰበር፣ ብትሰረቅ፣ ገደል ብትገባ ዋሶቹ ይጠየቃሉ። ይህ የሁላችንም ደንብ ነው። ጉዱ ያለው ጋሽ ዘመነ ደንቡን ከበቅሎ አሻግረው ለፍጥረት ሁሉ በማዋላቸው ላይ ነው።

አንድ ጊዜ አንዲት ፈረንጅ ፎቶ አነሳቻቸው። ሌላው በቅሎ ነጂ ቢሆን ጥርሱን አሳይቶ ይሸኛት ነበር። ጋሽ ዘመነ ግን እጃቸውን ዘረጉ። ሴትዮዋ ጉርሻ የጠየቋት መስሏት ቦርሳዋን ከፈተች።

«ኧረ ገንዘቧን ትያዝ! ዋስ ጥሪ በላት» አሉት አስጎብኚውን።

«የምን ዋስ ጋሽ ዘመነ?»

«መልኬን ይዛ ባሕር ልትሻገር አይደል? የት እንደሚውል፣ ከማን ጋር እንደሚያድር ማን ያውቅልኛል?»

«ፎቶ እኮ ነው!»

«በቅሎም በቅሎ ናት፤ ያለ ዋስ ግን አትወጣም።»

አስጎብኚው እየሳቀ ዋስ እስኪሆንላት ድረስ የሴትዮዋን ባርኔጣ በመያዣነት ራሳቸው ላይ ደፍተው ቆሙ። እዚያው ነበርኩ። አፌን በእጄ ይዤ ቀረሁ።

ሌላ ጊዜ ደግሞ ወደ አምባ ጊዮርጊስ በሚሄድ ሚኒባስ ከሾፌሩ አጠገብ ተቀምጠው ነበር። ረዳቱ፣ «አባባ፣ ቀበቶውን ይታጠቁ» አላቸው።

«ወደ ጦርነት ነው የምንሄደው?»

«ሕግ ነው አባባ። ትራፊክ ይይዘናል።»

«ይያዛ! በገዛ እጄ ከወንበር ጋር የምጣበቀው ምን አጥፍቼ ነው? ጥፋቴን ይንገሩኝና ከዚያ ይጠፍሩኝ።»

«ብንገለበጥስ?» አለ ሾፌሩ።

«ብንገለበጥማ ዘልዬ እወርዳለሁ እንጂ ምን ሆኜ አብሬህ እገለበጣለሁ!»

ወገራ ሜዳ ላይ የሚኒባሱ ሕዝብ ለሁለት ፓርቲ ተከፈለ። ግማሹ «መብታቸው ነው» አለ፤ ግማሹ «ያውርዷቸው» አለ። የመጀመሪያው ወገን መሪ አንዲት እህል ነጋዴ ስትሆን፣ ዶሮዋን ከፍ አድርጋ ነበር የምትናገረው። ዳር እስከ ዳር አገሩን ያነቃንቃሉ ያልናቸው ጽሑፎች ያልቻሉትን ሥራ አንድ የወንበር ቀበቶ ሠራው። በእውነት ደነገጥኩ።

ስልካቸውንማ አታንሱብኝ። አላቸው፣ ባለ ቁልፍ። ግን ተዘግቶ፣ በፌስታል ተጠቅልሎ በካፖርታቸው ውስጠኛ ኪስ ይተኛል። እሳቸው ሰው ሲፈልጉ ይቀሰቅሱታል፤ ተናግረው ሲጨርሱ መልሰው ያስተኙታል። «በጠራኝ ቁጥር አቤት የምለው የማን አሽከር ሆኜ ነው?» ይላሉ። የአሁኑ ዘመን ስልክ ሰው የቆመበትን ቦታ ሳይቀር እንደሚያውቅ የነገርኳቸው ዕለትማ ቁጣቸው ለብቻው ነበር።

«እኔ የት እንዳለሁ? ሠላሳ ዓመት አብራኝ የኖረችው ጤናዬ እንኳ አታውቅም!»

ባለቤታቸው እማማ ጤናዬ ከጓዳ ሆነው፣ «ኧረ አውቃለሁ፣ ዘወትር ጠላ ቤት ነዎት» አሉ።

ነገሩ የከረረው ዘንድሮ ነው። ድሮ የበቅሎ አከራዮች ተራ የሚወጣው ጎህ ሲቀድ በማኅበራቸው በር ላይ ተሰብስበው ስም ሲጠራ ነበር። ዘንድሮ ማኅበሩ ተራውን ወደ ስልክ አዞረው። እያንዳንዱ አባል ፎቶ ይነሳል፤ ለአሻራ ጣቱን ያስነካል፤ ዘመናዊ ስልክ ይይዛል፤ ስልኩም ቀኑን ሙሉ ክፍት ሆኖ ባለቤቱ የት እንደዋለ ለማኅበሩ ያሳብቃል። እንግዳ ሲመጣ ለተረኛው ይጮህለታል። ያልተመዘገበ ባጁን ይመልሳል። ባጅ የሌለው ሰው ደግሞ ወደ ስሜን በቅሎ አይነዳም። ጋሽ ዘመነ የሚያርሱት መሬት የላቸውም፤ ከቦራ በቀር የሚያውቁት እንጀራም የላቸውም።

ምዝገባው የተደረገው በማኅበሩ የቆርቆሮ አዳራሽ ነው። እኔ? እኔ ለወሬ ነው የሄድኩት፤ የጋሽ ዘመነን ትርኢት በነፃ ለማየት። ሊቀ መንበሩ ገብረ ሚካኤል ስለ ዲጂታል ዘመን ረዥም ንግግር አደረገ፤ የበቅሎ ነጂውን ሕዝብ «ከጨለማ ወደ ብርሃን» አሸጋገረው፤ የአዳራሹ መብራት ግን አልበራም ነበር። ሕሊና የምትባል ልጅ ታብሌት ይዛ ተቀምጣለች። ሰዉ በሰልፍ እየመጣ ፊቱን ያሳያል፤ ጣቱን ያስነካል፤ ይሄዳል። እንደ በግ ፀጥ ብሎ። ከዚያ ጋሽ ዘመነ ደረሱ።

«አባባ፣ ወደ ካሜራው ይዩልኝ» አለች ሕሊና።

«ቆይ ልጄ። አንቺን ጠልቼ አይደለም። ዋስ ጥሪ።»

«የምን ዋስ?»

«ፊቴንና ጣቴን ልትወስጂ አይደል? ወዴት ነው የሚሄደው?»

«ሰርቨር ጋ ነው የሚቀመጠው።»

«ሰርቨር የማን ልጅ ነው?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሕሊና ራሷ አፏን ሸፈነች። «ሰው አይደለም አባባ፣ ማሽን ነው።»

«የት አገር ነው ቤቱ?»

ሕሊና ወደ ሊቀ መንበሩ አየች። ሊቀ መንበሩ ወደ ቆርቆሮው አየ።

«ቦራን የት እንደምታድር ሳላውቅ ለማንም ሰጥቼ አላውቅም» አሉ ጋሽ ዘመነ። «ፊቴ ከበቅሎ አነሰ?»

«ጋሽ ዘመነ!» አለ ገብረ ሚካኤል። «የቀሩት አንቱ ብቻ ነዎት። ልማት እያደናቀፉ ነው!»

«ገብሬ፣ ለልጅህ ሠርግ ቦራን ስትወስድ ሁለት ዋስ ጠርተህልኝ የለም?»

«ጠርቻለሁ።»

«ተመልሳልኝ የለም?»

«ተመልሳለች፣ ምነው!»

«እንግዲያማ! ዛሬም ሁለት ዋስ ጥሩና ፊቴንም ጣቴንም ውሰዱ። ጢሜን ብትፈልጉ እመርቃለሁ።»

«ማኅበሩ ራሱ ዋስ ነው።»

«ማኅበሩማ ወሳጁ ነው። ወሳጅ ለራሱ ዋስ ሲሆን የት አይተህ ታውቃለህ?»

ይህን ብለው ወደ ሕዝቡ ዞሩ። ድምፃቸው ቀስ ያለ ነበር፤ በሠርግ ቤት ዋስ የሚጠራ ሰው ድምፅ። «እስቲ ወንድሞቼ፣ ለዚህ ስልክ ዋስ የሚሆን አለ? ፊቴ ላልሆነ ነገር ቢውል እኔ እጠየቅልሃለሁ የሚለኝ?»

እዚህ ላይ ነው የደነገጥኩት፤ የበፊቱ ድንጋጤ ሁሉ ለካ ጨዋታ ኖሯል። አሁን፣ ዐይኔ እያየ ጣቱን ያስነካው ሰው ሁሉ ጎንበስ ብሎ ጣቱን ማየት ጀመረ። አንዱ ጣቱን በጋቢው ጠረገ። ገብረ ሚካኤል ጉሮሮውን ጠረገ እንጂ እጁን አላወጣም። ሕሊና፣ «እኔ ቅጥረኛ ነኝ አባባ» አለች፣ ልታለቅስ ምንም አልቀራት። ለበቅሎ ዋስ ሁን ሲሉት እየሮጠ የሚመጣ ሕዝብ፣ ለራሱ ፊት ዋስ የሚሆን አጣ። ልስቅ የከፈትኩት አፍ እንደተከፈተ ቀረ።

«ዋስ ካልተገኘ፣» አለ ሊቀ መንበሩ በመጨረሻ፣ «እስከ ቅዳሜ ባጁ ይመለስ።»

ጋሽ ዘመነ አልተቆጡም። ባጁን ከካፖርታቸው ላይ ፈተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት፤ በእጃቸው አቧራውንም አበስ አደረጉለት። «ምን እስከ ቅዳሜ ያስጠብቃል? ባጁ የእናንተ ነው። ፊቴ ግን የኔ ነው።»

ያን ጊዜ ከኋላ አንድ ሰው፣ «እኔ ዋስ እሆናለሁ!» አለ። ማን ነው ይህ ሞኝ ብዬ ዞር ስል ሰዉ ሁሉ እኔን ያያል። ለካ የተናገርኩት እኔ ነኝ።

ጋሽ ዘመነ ከእግር እስከ ራሴ ተመለከቱኝ። «አንተ? በሰው ስትስቅ የምትውለው?»

«እኔ።»

«የት እንደሚያድር ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«እና ምን ብለህ ነው የምትጠየቀው?»

«ጋሽ ዘመነ፣ አንቱ ወደ ስሜን ካልወጡ እኔ በማን ልሳቅ?» አልኩ። አዳራሹ ሳቀ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። እኔም አልሳቅኩም። እውነቱን ለመናገር፣ ያ ካፖርት ከበቅሎዎቹ መሐል ጠፍቶ ጠዋት ጠዋት ባዶውን ቦታ ማየቱን አልችለውም። በደጄ አልፈው ሲሄዱ እየተሳደብኩ የምሸኛቸው ለካ እንዳይቀሩብኝ ኖሯል።

«ይሁን» አሉ። «ገብሬ፣ አንድ ዋስ ተገኝቷል። አንድ ይቀራል። ባጁ እስከ ቅዳሜ ከዚያው ይቀመጥ።»

ደንቡ ሁለት ዋስ ነው። ሁለተኛው የማኅበሩ አባል እንዳይሆን፣ ዘመዳቸውም እንዳይሆን፣ ቃሉን የማይበላ ሰው እንዲሆን ብቻ ነው የጠየቁት። ከተማውን አዳረስኩ። ሁሉም «ለእሳቸው ምን ገዶኝ» ይላል፤ «ለስልኩ» ስለው ግን ሥራ ይበዛበታል። ባጁ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ቦራ ደጅ ታስራለች። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ አንተ ደግሞ ይህን የምታነበው ከዚያው ከእጅህ ከማይለየው ስልክህ ላይ እንደሆነ አውቃለሁ። ዘመዳቸው አይደለህም። የማኅበሩ አባልም አይደለህም። እስቲ እጅህን አንሳ።