የጋሽ አንቀጽ አባሪ ሰባት

የዓለም ሕዝብ በሁለት ይከፈላል፤ ስምምነት የሚፈርምና ስምምነት የሚያነብ። ፈራሚው ብዙ ነው፤ ኮቱን ለብሶ፣ ፎቶውን ተነስቶ፣ አጨብጭቦ ይሄዳል። አንባቢው ግን በየሰፈሩ ቢበዛ አንድ ነው፤ እሱንም "ነገረኛ" ብለን ነው የምንጠራው። እኔ ከሁለቱም የለሁበትም። ሳልፈርምም ሳላነብም ስለ ስምምነቱ ጋዜጣ ላይ የምጽፍ ሦስተኛ ዓይነት ፍጡር ነኝ።

የእኛ ሰፈር አንባቢ ክቡር ጋሽ አንቀጽ ይባላሉ። እናታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው፤ እሱን የሚያስታውሰው ግን መታወቂያቸው ብቻ ነው። ሙያቸው ጫማ ሰፊነት ነው። ከቢሮዬ ሥር ባለችው ጠባብ ቤት ከእህታቸው ልጅና ከሁለት ሠራተኞች ጋር ለመንግሥት ትምህርት ቤቶች የተማሪ ጫማ ይሰፋሉ፤ ጊዜ ሲተርፋቸው የእኔ ቢጤውን የተገነጠለ ሶል ይለጥፋሉ። መንግሥት ከአንድ ትልቅ አገር ጋር የነጻ ንግድ ስምምነት ሲፈራረም፣ አራት መቶ አስራ ሁለቱን ገጽ ከንግድ ቢሮ ለምነው አስገለበጡና በትርፍራፊ የጫማ ቆዳ ጠረዙት። ከዚያ ወዲህ ያ ጥራዝ ከመዶሻቸው ተለይቶ አያውቅም።

ዘዴያቸውን ልንገራችሁ። "ቁጭ በል፣ ደቂቃ አይፈጅም" ብለው አንድ ጫማህን ይወስዳሉ። አንድ እግሩ በካልሲ የቀረ ሰው ደግሞ የትም አይሄድም፤ ሉዓላዊነቱን በሩ ላይ አስረክቧል። ማስቲሹ እስኪደርቅ ሦስት አንቀጽ ያነቡለታል፤ አንቀጹ ከረዘመ ማስቲሹን ይደግሙታል። አንድ የባንክ ሥራ አስኪያጅ ተረከዝ ሊያስቀይር ገብቶ የክርክር አፈታት ምዕራፉን ጨርሶ ወጥቷል። ነርሷ ጎረቤቴ ደግሞ "ታዲያ በሕጋችን ላይ የሚፈርደው ማን ነው? እኛ ወይስ የማናውቃቸው ሦስት ዳኞች?" እያለች ስትሟገት በጆሮዬ ሰምቻታለሁ። የገባችው የጫማ ማሰሪያ ልትገዛ ነበር።

ክቡርነታቸው ንግድ ይጠላሉ እንዳትሉ። ክራቸውም መርፌያቸውም የውጭ ነው። "ይግባ እንጂ፣ እኔ መቼ ዝጉ አልኩ?" ይላሉ። "እኔ የምለው፣ በሩ ከተከፈተ በኋላ ቁልፉ ማን ጋ ነው? ገጹን ጠቅሰህ ንገረኝ።"

እኔን የፈጀችኝ ይቺው "ገጹን ጠቅሰህ ንገረኝ" ናት። ምክንያቱም "ደፋር እርምጃ" የሚል ጽሑፍ አውጥቻለሁ። የጻፍኩት ለጋዜጠኞች ከታደለችው ሁለት ገጽ መግለጫ ተነስቼ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ሁለተኛውን ገጽ ግማሽ ላይ ነው የተውኩት። "ሉዓላዊነታችን ቅንጣት ታህል አይነካም" ብዬ አፌን ሞልቼ ጽፌያለሁ። በምን አወቅህ ብትሉኝ፣ መግለጫው ላይ ተጽፏል።

ጽሑፉ በወጣ ማግስት ቀኝ ጫማዬ አፉን ከፈተ። ሌላ ጫማ ሰፊ ፍለጋ ሁለት ሰፈር አካለልኩ፤ አጣሁ። ዓይኔን በጨው አጥቤ ገባሁ።

"ጽሑፍህን አነበብኩት" አሉኝ፣ ጫማዬን ጉልበታቸው መሃል እየሸጎጡ። "ሁለት ጊዜ።"

"አመሰግናለሁ፣ ጋሼ።"

"አባሪ ሰባትን እንዴት አየኸው?"

"ጥሩ ነው" አልኩ። አባሪ የሚባል ነገር መኖሩንም አላውቅም ነበር።

ጥራዙን ጭኔ ላይ አስቀመጡልኝና ወደ ሥራቸው ዞሩ። አባሪ ሰባት፣ መንግሥት ዕቃ ሲገዛ ከአገሩ አምራች ብቻ የሚገዛው ምን ምን እንደሆነ የሚዘረዘርበት ነው። ያኛው አገር አራት ገጽ ሞልቷል፤ አልጋ፣ ብርድ ልብስ፣ የወታደር ቀበቶ፣ የመጥረጊያ እንጨት ሳይቀር። በእኛ ስም ሥር ግን አንዲት ቃል ብቻ አለች፤ "የለም።"

ደግሜ አየሁ። ገጹን ገለበጥኩት፤ ጀርባው ባዶ ነው።

"ጋሼ፣ እንግዲህ የተማሪው ጫማ..."

"እነሱም ይወዳደሩበታል። እነሱ በመርከብ ነው የሚያመጡት፣ እኛ አራት ሰው ነን።" ወስፌያቸውን አስቀመጡ። "እኔስ አርጅቻለሁ። ይቺ ልጅ ግን ያላት ሙያ ይኸው ነው። ነገ መንግሥት ራሱ 'ከልጆቼ ልግዛ' ቢል እንኳ አይችልም፣ የለም ብሎ ፈርሟላ። ምክር ቤቱ እስኪያጸድቀው ድረስ ገጹን ማስሞላት ይቻላል። ሦስት ደብዳቤ ጻፍኩ። የጫማ ሰፊ ደብዳቤ ማን ያነባል?"

የእህታቸው ልጅ ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ አየችኝና መልሳ አቀረቀረች። አፈርኩ። መሬት ተሰንጥቆ ቢውጠኝ ደስ ባለኝ፤ ግን በአንድ ጫማ መሬት ውስጥም አይገባም።

በሳምንቱ "ስምምነቱን አላነበብኩትም ነበር" የሚል ጽሑፍ አወጣሁ። ዋና አዘጋጁ "ራስህን አዋረድክ" አለኝ። ባለቤቴ "ምኑ ነው አዲስ ነገሩ?" አለች። የሥራ ባልደረቦቼ በግልጽ ሳቁብኝ፤ ሦስቱ ግን ለየብቻ መጥተው "ገጹ ስንት ነው ያልከው?" ብለው በሹክሹክታ ጠየቁኝ። ከዚያ የምክር ቤቱ የንግድ ኮሚቴ ጸሐፊ ደወለች። ጋሽ አንቀጽ ቀርበው አስር ደቂቃ እንዲናገሩ ተፈቅዷል።

አብረን ሄድን። እኔ ንግግር ጽፌ፣ ከረባት አስሬ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ ነበር። እሳቸው በሩ ላይ ጥራዙን አስያዙኝና "አንተ ገጹን ግለጥልኝ፣ እጄ አልታዘዝ አለኝ" አሉኝ። ያ ሰፈሩን ሁሉ ቁጭ ያደረገ ሰው ፈርቷል፤ አንጀቴን በሉት።

አስር ደቂቃው አንድ ሰዓት ሆነ። እሳቸው ገጽ ሲጠሩ እኔ ስገልጥ፣ ሲጠሩ ስገልጥ፣ ንግግሬ ኪሴ ውስጥ እንደታጠፈ ቀረ። በመጨረሻ ኮሚቴው ስምምነቱ ከመጽደቁ በፊት አባሪ ሰባት ለተደራዳሪዎቹ ተመልሶ የእኛ ዝርዝር እንዲሞላ ወሰነ፤ የመጀመሪያው መስመር ላይም "የተማሪ ጫማ" ተብሎ ሲጻፍ በዓይኔ አየሁ። ያኛው አገር ይቀበል አይቀበል ገና አይታወቅም።

ልንወጣ ስንል ሰብሳቢው ከመነጽራቸው በላይ አሻግረው አዩኝ። "እኚህስ ማን ናቸው? ጠበቃዎ ናቸው?"

"አይ፣ ደንበኛዬ ነው" አሉ ጋሽ አንቀጽ፣ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርገው። "ማንበብ ጀምሯል።"