ለስዊቹ ሰዓት የነገርኩት ቀን

ስዊች የሚባለው የኔትወርክ ዕቃ ወሬኛ መሆኑን ታውቃላችሁ? እኔ ጉለሌ ውስጥ፣ ቀጨኔ ዳገት ላይ ባለ ትምህርት ቤት የኔትወርክ ሠራተኛ ነኝና ልንገራችሁ። ገመድ ሲነቀል ይናገራል፣ ሲሰካ ይናገራል። ወሬው ሎግ ይባላል።

ፎቅ ላይ የፈተና ወረቀት ክፍሉን የሚጠብቅ ካሜራ አለን። ቀረጻው በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ ይጎድለዋል። ካሜራው ርካሽ ስለሆነ ሰዓት አይጽፍም፣ ክፍሉም ሁልጊዜ ዝግ ስለሆነ ቀንና ሌሊቱ አይለይም፤ መቼ እንደሚጎድል በምን ይታወቃል? እኔም የስዊቹ ወሬ ወደ ኮምፒውተሬ እንዲመጣ አደረግኩ። መጀመሪያ ሳልመርጥ ሁሉንም ከፈትኩለት። ወይ ጉድ፣ ትንፋሽ ሳይወስድ ስክሪኑን ሞላው። "ችግር ሲኖር ብቻ ንገረኝ" ብዬ ሳስተካክለው አደብ ገዛ።

በሦስተኛው ቀን ነገሩ ተያዘ። የካሜራው መስመር በየቀኑ 03:10 ላይ ይቋረጣል። በፈረንጅ አቆጣጠር ነው ብዬ ወደ እኛ መለስኩት፤ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ከአሥር። ታዲያ በዚያ ሰዓት ግቢው ውስጥ ከጥበቃው ከጋሽ ደምሴ በቀር ማን አለ? እየበረርኩ ለዳይሬክተራችን ለእትዬ አልማዝ ነገርኩ። እሳቸውም ወዲያው የስንብት ደብዳቤ አስጻፉ፤ ፊርማ ብቻ ቀረው።

ጋሽ ደምሴ በመድኃኔዓለም ምለው፣ በዚህ ጉልበቴ ፎቅ ወጥቼም አላውቅም አሉኝ። ቀጥለው ቀስ ብለው፣ "ልጄ፣ ለመሆኑ ለማሽኑ ሰዓቱን ማን ነገረው?" አሉ።

ማን ይነግረዋል፣ እኔ ነኛ። ከእጅ ሰዓቴ ላይ አይቼ ነው የሞላሁለት። የእጅ ሰዓቴ ደግሞ እንደ ማንኛውም ጨዋ ሰው በሐበሻ ነው የሚቆጥረው። ለካ 03:10 ማለት ጠዋት ሦስት ሰዓት ከአሥር ነው፤ ጋሽ ደምሴ ተረኝነታቸውን አስረክበው ቤታቸው የሚተኙበት ሰዓት። ሰውየውን ከእንጀራቸው ላፈናቅላቸው ነበር እኮ። አፈርኩ።

በማግስቱ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ፎቅ ወጥቼ ቆምኩ። ልክ ከአሥር ሲሆን እትዬ አልማዝ ከቢሯቸው ብቅ አሉ፣ ከክፍሉ ውጭ ኮሪደሩ ላይ ያለውን የካሜራውን ሶኬት ነቀሉ፣ የሻይ ማፍያቸውን ሰኩ። ቀና ሲሉ አዩኝ። "ውሃው እስኪፈላ ነው እኮ" አሉ።

ጋሽ ደምሴ ተረፉ፣ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ደብዳቤው ግን አልተቀደደም፤ ወረቀት ይባክናል እንዴ? ስንብቱ ማስጠንቀቂያ ተብሎ፣ ስሙም ወደ እኔ ተቀይሮ በዚያው ቀን ደረሰኝ። ጥፋት፦ ሰዓት አለማወቅ። ስፈርም እትዬ አልማዝ ሻይ ቀዱልኝ፤ ትኩስ ነበር።