ሩብ ዙር የዘገዩ ድምፆች

ትናንት በሕልሜ ማይክሮፎን ሊያደርጉኝ ነበር።

የምሠራበት የሠርግ አዳራሽ ተገልብጧል። ወንበሮቹ ተቀምጠው ይበላሉ፤ ሙሽሮቹ ሳህን ያነሳሉ። ሁለቱ ትልልቅ ድምፅ ማጉያዎች ዳኛ ሆነው መድረኩ ላይ ተሰይመዋል። ተከሳሹ እኔ ነኝ፤ የአዳራሹ የድምፅ ባለሙያ ምንተስኖት።

«ማይኩ የእኛኑ ድምፅ መልሶ እየዋጠ ሰባት ዓመት ሲያስጮኸን ዝም ብለህ አየህ» አለ የቀኙ ዳኛ።

«ኧረ ጌታዬ ዝም አላልኩም! ጩኸቱን የሚያጠፋ ፕሮግራም መጻፍ ከጀመርኩ ሁለት ወር ሆነኝ።»

«እንግዲያው አሁኑኑ ጨርሰው። ድምፅ ሁሉ ሲርገበገብ ይዞራል። ለእያንዳንዱ ድምፅ ሩብ ዙር የሚዘገይ ግልባጭ አቁምለት። ካቃተህ እንጨት ላይ ሰቅለን ዕድሜ ልክህን እናወራብሃለን!»

ከበሮና ዋሽንት ተጫዋቾቻቸውን በብብታቸው ይዘው ገቡ፤ ግልባጮቻቸውም ተከተሏቸው።

«ግልባጮች ሁሉ፣ እኩል አራት ሚሊ ሴኮንድ ቆዩ!» ብዬ አዘዝኩ። ሁለት ወር ሙሉ ስሠራ የነበረው ይህንኑ ነው። የከበሮው ግልባጭ ልክ ሩብ ዙር ላይ ቆመ። የዋሽንቱ ግን ፈጣን ነውና በዚያው ጊዜ ሁለት ሙሉ ዙር ዞሮ ዋሽንቱ ላይ ተለጠፈ። ዳኞቹ ገመድ አስመጡ።

«አንተ ልጅ» አለኝ ከበሮው፣ «እኔ አንዴ ስዞር እሱ ስንቴ ይመላለሳል! ሁለታችንን በአንድ ቀጠሮ ታስረናለህ? ለሁሉም የየራሱን ዙር ሩብ ስጠው እንጂ!»

ይቺን አጥቼ ነው ሁለት ወር እንቅልፍ ያጣሁት! «ሁላችሁም ከየራሳችሁ ዙር ሩብ ዘግዩ!» አልኩ በሙሉ ድምፄ። ጥንድ ጥንድ ሆነው ቆሙ። ዋናው ሲወርድ ግልባጩ ይወጣል፤ ሁለቱን አብሬ ሳይ የድምፁ እውነተኛ ጉልበት በየቅጽበቱ ታየኝ። ከዚያ ጥንዶቹን ይዤ ሁሉንም ድምፅ አምስት ኸርዝ ብቻ፣ ማለትም በሴኮንድ አምስት ዙር፣ ከፍ አደረግኩት። ጩኸቱ ወደ ማይኩ ሲመለስ የወጣበትን ቦታ አጣው። ሠርግ ቤት እንደ ተሳሳተ እንግዳ ግራ ቀኝ አይቶ ወጥቶ ሄደ።

ዳኞቹ ተሸክመውኝ ጨፈሩ። እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

ነቃሁ። ግንባሬ ኮምፒውተሩ ላይ ነበር። ከበሮው ያለኝን ቶሎ ፕሮግራሙ ውስጥ ጻፍኩና ማይኩን ድምፅ ማጉያው አፍ ላይ ደቀንኩት። ጭጭ!

«ተሳካ!» ብዬ ስጮህ የአዳራሹ ባለቤት እትዬ እልፍነሽ እየሮጡ መጡ።

«ምን ሆንክ?»

«ማይኩ ከእንግዲህ አይጮህም እትዬ! በሉ ራስዎ ይሞክሩት!»

ሞከሩት። ፊታቸው ዳመነ።

«ወይ ጉድ! ታዲያ ሽማግሌዎቹ ሊናገሩ ሲነሱ ሰው በምን ያውቃል? ይሄ ሁሉ እንግዳ መብላቱን የሚያቆመው እኮ ያ ነገር ሲጮህ ነው። በል ልጄ፣ ሠርገኛው ሳይመጣ ወደ ነበረበት መልሰው።»