ባለ እባቡ ብር

ጦርነት ሲቃረብ ከከተማ ቀድሞ የሚጠፋው ማን ይመስላችኋል? ሹም ነው ትሉ ይሆናል። እሱማ ሁለተኛ ነው። አንደኛው መድኃኒት ነው። መርሳ ላይ ተኩሱ ገና ከሩቅ ሲሰማ፣ ኢንሱሊን የሚባል ነገር ከየመደርደሪያው ብን ብሎ ጠፋ።

የስኳር በሽታ ግን የትም አልሸሸም። የግራናዋ አክስቴ ዘይነባ ጤና ጣቢያቸው ሲዘረፍ በሽታቸውን ይዘው እኔ ቤት መጡ። አንገታቸው ላይ ባላቸው በሕይወት ሳሉ ሲያርሱ ያገኙት አሮጌ ብር በክር ተንጠልጥሏል። በአንድ ፊቱ የንጉሥ ራስ፣ በሌላው እባብ የተጠመጠመበት ዘንግ የያዘ ጢማም ሰው አለበት። አክስቴ «ሸሁ» ነበር የሚሉት። እኔ ደግሞ የታሪክ አስተማሪ ነኝና አፌ አያርፍም፤ የጥንት ሮማውያን የፈውስ አምላክ መሆኑን ነገርኋቸው።

«አስተግፊሩላህ! ጣዖት አንጠልጥዬ ነው እንዴ ስሰግድ የኖርሁት?» ብለው አወለቁት። አውልቀው ግን አልጣሉትም። «ብሩ ምን አጠፋ? ለመድኃኒት ስጠው» አሉኝ።

ኢንሱሊን ደብቋል ወደተባለ ባለ መድኃኒት ቤት አብረን ሄድን። መጀመሪያ «የለም» አለ። የአክስቴን የወርቅ ጉትቻ ሲያይ «ይፈለጋል» አለ። አያችሁ፣ በ«የለም» እና በ«ይፈለጋል» መካከል ያለው አንድ ጉትቻ ብቻ ነው። እኔ ብሩን አቀረብሁለት፤ ስንት ዘመን የቆየ ቅርስ እንደሆነም አስረዳሁት። ገልበጥ አድርጎ አየና ጠረጴዛው ላይ ወረወረው። እባብ ያለበት ነገር ገደ ቢስ ነው፣ ቤቴ አይገባም አለኝ። ከራሱ በላይ ምን ተሰቅሏል? ጽዋ ላይ የተጠመጠመ እባብ የተሳለበት ታፔላ!

«ይሄስ?» አልሁት በጣቴ እያሳየሁ።

ቀና ብሎ አየው። «እሱ የሙያ ምልክት ነው» አለኝ።

ያን ጊዜ ያልመታሁት አክስቴ እጄን ስለያዙኝ ብቻ ነው። ጉትቻቸውን ራሳቸው ፈትተው ሰጡት። እሱም መሰላል አቁሞ ወጣና፣ በፀሐይ ከሚግለው ቆርቆሮ ሥር፣ ከኮርኒሱ ውስጥ ብልቃጥ አወረደ። ቀዝቃዛ ቦታ መቀመጥ አልነበረበትም ወይ ብዬ ብጠይቀው «መብራት የት አለና? ደግሞስ ከዘራፊ ነው የደበቅሁት» አለ። ዘራፊ! ቃሉን ሲጠራው ከንፈሩ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። ሌላ አማራጭ የለንምና ይዘን ሄድን።

መድኃኒቱ በሙቀት ተበላሽቶ ኖሯል። አክስቴ ቢወጉት ቢወጉት ጥማቱ ባሰባቸው፤ ማሰሮ ሙሉ ውኃ ጠጥተው ደግሞ ውኃ ይላሉ። ደሴ እንዳልወስዳቸው መንገዱ ተዘግቷል። ራሳቸውን ከመሳታቸው በፊት «አንት ልጅ፣ ንዴትህን ተው፤ አላህ ያየዋል» አሉኝ። እሳቸው ሞቱ። ንዴቴን ግን ልተወው አልቻልሁም።

ለቅሶ ተቀምጠን ሳለ ባለ መድኃኒት ቤቱ መጣ። አዎ፣ መጣ! ጫማውን አውልቆ እንደ ሰው ተቀመጠ፤ ዱዓ ሲደረግ ከሁሉ ከፍ አድርጎ «አሚን» አለ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ ልክ እንደ ሐኪም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀኝ፦

«መድኃኒቱን ግን በሥርዓቱ ይወስዱ ነበር?»