ወይዘሮ ዊኒ እና የእናቴ ሸርጣን

እዚህ ስቶክ፣ የሸክላ ሳህን በሚሠራበት አገር፣ ሰው ምግብ ቤት ሲገባ መጀመሪያ ሳህኑን ገልብጦ ጀርባው ላይ ከታተመው ጽሑፍ የማን ሥራ እንደሆነ ያያል፤ ከዚያ ነው የሚርበው። እንደ ጎረቤቴ እንደ ክብርት ወይዘሮ ዊኒ ብሉር የሚገለብጥ ግን አልተፈጠረም። ሕፃን ሳሉም ጡጦውን ሳይገለብጡ የጠቡ አይመስለኝም።

«ፊት ያታልላል፤ ጀርባ አይዋሽም» ይላሉ፤ ለሳህንም ለሰውም።

በወንድማቸው ልጅ ሠርግ ላይ ሥጋው ከነመረቁ እንዳለ ሳህኑን ገለበጡት። መረቁ ቄሱ ጭን ላይ ፈሰሰ። ቄሱ ዘለው ሲነሱ እሳቸው «ይኸው! የውጭ ዕቃ ነው አላልኩም?» አሉ።

በተለይ ዓሣና ዛጎል ያለባቸው፣ «የንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን» ተብለው ከመቶ ዓመት በላይ እንደቆዩ የሚነገርላቸው የጌጥ ሳህኖች ዓይናቸውን ያቀሉታል። የእሑድ ገበያ ነጋዴ ወይዘሮ ዊኒን ሲያይ ዕቃውን በጨርቅ ይሸፍናል። «ይሄ ዓሣ ንግሥቲቱን የት ያውቃታል? የትናንት ልጅ!» ብለው አንዲት ሴትዮ በአያቷ ሳህን አስለቅሰዋል።

እኔም ሳሎኔ ውስጥ እናቴ የተወችልኝ ሳህን አለኝ፤ መሐሉ ላይ ቀይ ሸርጣን፣ ዙሪያውን የባሕር ሣር። «የቅድመ አያቴ ነው፤ ከንግሥቲቱ ዘመን» ትል ነበር። ከእሷ የቀረኝ እሱ ብቻ ነው። የስቶክ ሰው ሆኜ ገልብጬው አላውቅም። ፈርቼ ነዋ! ወይዘሮ ዊኒንም ከደጃፍ አላሳልፍም ነበር።

«ምን ደብቀህ ነው፣ ክሊፍ?»

«ኧረ ምንም!»

ባለፈው ወር እግሬ ተሰብሮ ስተኛ ሾርባ ይዘው ገቡ። ዓይናቸው ግድግዳው ላይ ተተከለ።

«የእናቴ ነው፤ እባክዎ ይተዉት» አልኩ።

መች ሰምተውኝ! አውርደው ገለበጡት። ሳህኑን አዩ፤ እኔን አዩ።

«እናትህ ምን ትልህ ነበር?»

«ከንግሥቲቱ ዘመን ነው።»

«እውነቷን ነው» አሉና በሽርጣቸው ጠርገው መልሰው ሰቀሉት። «ሾርባህን ጠጣ፣ ይቀዘቅዛል።»

ያለ ጭቅጭቅ? ወይዘሮ ዊኒ? ጥርጣሬ ገባኝ። እንደወጡ በክራንች እያነከስኩ ሄጄ ገለበጥኩት። ጀርባው ላይ በሰማያዊ ፊደል «በዕቃ ማጠቢያ ማሽን ሊታጠብ ይችላል» ይላል።

መጀመሪያ ሳቅሁ። ከዚያ አለቀስኩ፤ ለእናቴ ይሁን ለእኚህ ደግ ሴትዮ እንጃ።

በማግስቱ በመስኮት ብቅ አሉ።

«ነካክተኸዋል እንዴ?»

«ኧረ እኔ እቴ!»

«ደግ አደረግህ» አሉ። «የቆየ ዕቃ መገልበጥ አይወድም።»